በር ላይ የተቀመጠ ምሳ

አንድ ሠዓሊ ወዳጅ አለኝ። ቀን ቀን ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተምራል። ማታ ማታ የሱቅና የምግብ ቤት ማስታወቂያ ይሥላል። የራሱን ሥዕል መቼ እንደሚሥል ስጠይቀው «ከትርፍ ሰዓቴ ላይ ትርፍ ሲገኝ» ይለኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዲያ ለዚህ ሰው ከአሜሪካ ደብዳቤ መጣለት። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ገጠር ውስጥ፣ ጫካ መሀል አንዲት የሥዕል መሥሪያ ቤት አዘጋጅተንልሃል፤ ለአንድ ወር ያንተ ናት፤ መኝታና ቀለብ ከእኛ፣ ሥራው ካንተ።

ደብዳቤውን ይዘን እናቱ ቤት ሄድን። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፤ ነገር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ከሲኒው ላይ አያነሡም። ልጃቸው እየተረጎመ ሲያነብላቸው ጸጥ ብለው ሰሙና ወደ ጥያቄው ገቡ።

«አንተስ ምን ልታደርግላቸው ነው?»

«ምንም። እሥላለሁ።»

«ለነሱ?»

«ኧረ ለራሴ ነው እማዬ።»

«ሥዕሉን ይወስዱታላ!»

«አይወስዱም፤ የኔው ነው።»

«እንግዲያው ቤት ትጠርግላቸዋለህ።»

«ምንም አልሠራም እኮ ነው የምልሽ! ምሳዬን እንኳ በር ላይ አስቀምጠውልኝ፣ ሥራዬን እንዳያቋርጡኝ ሳያንኳኩ ነው የሚሄዱት።»

እናት ሲኒውን ቁጭ አደረጉና ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ እንዲሁ የሚያበላ ሰው ካገኘህ፣ ኩላሊትህን ጠብቅ» አሉት።

ሳቅን። ልጁ ሄደ፤ ወሩን ጨርሶ ከነሁለት ኩላሊቱ፣ አሥራ አንድ ሥዕል ተሸክሞ ተመለሰ። የእናቱ ጥያቄ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። «ምን ልታደርግላቸው ነው?» መቼም ጥያቄው የማይረባ አይደለም። አንድ ሰው ዝም ብሎ የሚቀመጥበትን ጊዜ ሌላ ሰው መክፈሉ አይቀርም። ማነው የሚከፍለው? ለምንስ ይከፍላል? ይህን ልማድ ያመጣውስ ማነው? ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። ፍለጋዬም በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ቤቶች አንጋፋ ወደሆነው፣ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት ፒተርቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ወዳለው ወደ ማክዳውል ወሰደኝ። (ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤድዋርድ ማክዳውል በ1860 ኒውዮርክ የተወለደ፣ በልጅነቱ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ፓሪስና ጀርመን የተማረ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ማሪያን ኔቪንስ ደግሞ በ1857 የተወለደች፣ ፒያኖ ለመማር ከአሜሪካ ጀርመን ድረስ የሄደች ወጣት ናት። ሐሳቧ ዝነኛዋ ክላራ ሹማን ዘንድ ለመማር ነበር። አልተሳካላትም። ፍራንክፈርት ላይ በመምህርነት የደረሳት ያው የአገሯ ልጅ ማክዳውል ሆነ። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ መጥታ ከአሜሪካዊ መማሩ መጀመሪያ ደስ አላሰኛትም ይባላል። ዳሩ ግን በ1884 ተጋቡ። ከዚያም በ1888 ወደ አገራቸው ተመልሰው ቦስተን ተቀመጡ። የማሪያን ፒያኖ የተዘጋው በጋብቻው ነው። በቤቱ ውስጥ ለአንድ ሙዚቀኛ የሚበቃ ጸጥታ ብቻ ነበር፤ እሱም ለባል ተሰጠ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ፤ ለጊዜው ያዙልኝ።

1896 ለባልና ሚስቱ የሁለት ነገር ዓመት ነበር። በአንድ በኩል ኤድዋርድ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሙዚቃ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በሌላ በኩል ማሪያን ፒተርቦሮ ውስጥ ሒልክረስት የሚባል አሮጌ የእርሻ ቦታ ገዛች። ሹመቱ ደመወዝና ክብር አመጣ፤ ጊዜን ግን በላ። ፕሮፌሰሩ የቀን ሥራው ማስተማር፣ ፈተና ማረምና ስብሰባ ሆነ። የራሱን ሙዚቃ የሚጽፈው በበጋ ዕረፍት፣ ያውም እዚያች እርሻ ላይ ነበር። ወዳጄ «ከትርፍ ሰዓቴ ላይ ትርፍ ሲገኝ» የሚለውን ነገር ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ያውቀዋል ማለት ነው።

ማሪያን ይህን አየች። ለባሏ ሳትነግረው ከእርሻው ቤት ራቅ አድርጋ ጫካው ውስጥ ከግንድ የተሠራች አንዲት ጎጆ አሠራችለት። አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ በረንዳ። ኤድዋርድ ጧት ይገባል፤ ማታ ይወጣል። ሲሠራ ድምፅ ስለሚረብሸው ምሳውን በቅርጫት አድርጋ በሩ ላይ ታስቀምጥና ኮቴዋን ሳታሰማ ትመለስ ነበር ይባላል። ያቺ ቅርጫት ናት እንግዲህ መቶ ዓመት ተሻግራ የወዳጄን እናት ያስጠረጠረችው።

ኤድዋርድ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሙዚቃው፣ ሥዕሉና ሥነ ጽሑፉ ተለያይተው እንዳይቀሩ፣ ባንድ ጣሪያ ሥር ሆነው እንዲማማሩ ይፈልግ ነበር። ሙዚቀኛ ከሠዓሊ፣ ሠዓሊ ከደራሲ የሚማረው አለው ባይ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጋር አልተስማሙም። በ1904 በይፋ ተጣልቶ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ መንገድ ላይ በፈረስ ጋሪ ተገጭቶም ነበር። ከዚያ በኋላ አእምሮው እየደከመ ሄደ። ገና አርባዎቹን ሳያጋምስ እንደ ሕፃን የሚጠበቅ ሰው ሆነ።

በጤናው ሳለ ለሚስቱ ደጋግሞ የሚነግራት አንድ ሐሳብ ነበረው፦ ይህች ጎጆ ለእኔ የሰጠችኝን ነገር ሌሎችም ቢያገኙትስ? በ1906 ሕመሙ ሲሰማ ወዳጆቹ በስሙ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ካዋጡት መካከል የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ፣ የብረቱ ከበርቴ አንድሪው ካርኔጊና የባንኩ ሰው ጄ. ፒ. ሞርጋን ይገኙበታል። በ1907 ማሪያን እርሻዋን በባሏ ስም ለተቋቋመው ማኅበር አስተላለፈች። የዚያኑ ዓመት በጋ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መጡ፤ ሁለት እኅትማማቾች ናቸው፤ ቀራፂዋ ሔለን ፋርንስዎርዝ ሚርስና ደራሲዋ ሜሪ ሚርስ። ኤድዋርድ በ1908 ጥር በ47 ዓመቱ አረፈ። ልጅ አልነበራቸውም። እዚያው እርሻው ላይ ተቀበረ።

እስካሁን የተረክሁት በብዙ መጻሕፍት የሚነገረው ታሪክ ነው። ታላቅ ሙዚቀኛ፣ ታላቅ ሐሳብ፣ ታላላቅ ከበርቴዎች። ቦታውም የሚጠራው በሙዚቀኛው ስም ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። የከበርቴዎቹ መዋጮ አንድ ሰሞን ነው፤ ቤት ያቋቁማል እንጂ ቤት አያኖርም። ጣሪያው ያፈሳል፤ ማገዶ ያልቃል፤ አብሳይ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ሠዓሊውም ሆነ ደራሲው በየቀኑ ሦስት ጊዜ ይበላል። ታዲያ ይህን ማን ቻለው?

ማሪያን ቻለችው። ሀምሳ ዓመት የሞላት፣ በሕመም ምክንያት በክራንች የምትሄድ መበለት የዘጋችውን ፒያኖ ከፈተች። ጣቶቿን እንደገና አፍታታችና የባሏን ሙዚቃ እየተጫወተች፣ ስለዚያች ጫካ እየተናገረች አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ዞረች። የምትጫወተው በትልልቅ አዳራሽ አይደለም። በትንንሽ ከተሞች የሴቶች ማኅበራትና የሙዚቃ ክበቦች ስብሰባ ላይ ነው። ባቡር፣ የእንግዳ ክፍል፣ የማያውቁት ፒያኖ፣ እንደገና ባቡር። ከባሏ ሞት በኋላ በነበሩት ዓመታት በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማክዳውል ክበቦች ተቋቋሙ። የፒተርቦሮን ጫካ ዕድሜ ልካቸውን የማያዩ፣ ምናልባትም አንድ ሥዕል ገዝተው የማያውቁ ሴቶች ከጓዳቸው ወጪ ቀንሰው ሳንቲም አዋጡ። አንባቢዬ፣ ልብ በሉልኝ፤ ቤቱን በታሪክ ያስመዘገቡት ካርኔጊና ሞርጋን ናቸው፤ በየዓመቱ ምሳውን በር ላይ ያስቀመጡት ግን እነዚህ ሴቶች ናቸው።

በዚህ ገንዘብ ማሪያን አንድ በአንድ ስቱዲዮ እያሠራች በጫካው ውስጥ በተነችው። አንዱ ከሌላው አይታይም፤ የአንዱ ፒያኖ ለሌላው አይሰማም። እርሻውም ይታረስ ነበር፤ እንግዶቹን የሚመግበው ወተትና አትክልት ከዚያው ይወጣል። መስከረም 1938 ኒው ኢንግላንድን የመታው ከባድ ዐውሎ ነፋስ ጫካውን አጋደመው። ብዙ ሰው ያኔ አበቃለት ብሎ ነበር። ማሪያን ሰማንያ ዓመቷ ነው። እንደገና ገንዘብ ልመና ጀመረች፤ እንደገና አቆመችው። የሞተችው በ1956 ነው፤ በ98 ዓመቷ። ከባሏ ሞት በኋላ 48 ዓመት ኖራለች ማለት ነው።

እዚያ የሚገባው እንግዳ ቀኑን እንዴት እንደሚውል ማወቁ ደስ ይላል። ቁርስ ባንድነት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ጫካው፣ ወደ ስቱዲዮው ይበተናል። ካልተጋበዘ በቀር ማንም ወደ ማንም ስቱዲዮ አይሄድም፤ ይህ ደንብ ነው። ምሳ በቅርጫት ተደርጎ በር ላይ ይቀመጣል። ማታ እንደገና ባንድ ገበታ ይሰበሰባሉ፤ ሙዚቀኛው ከገጣሚው አጠገብ፣ ቀራፂው ከፊልም ሠሪው ፊት ለፊት። ኤድዋርድ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያጣውን ነገር ሚስቱ በእራት ገበታ ፈጠረችው። ምን ሠራህ፣ ስንት ገጽ ጻፍክ ተብሎ ሪፖርት አይጠየቅም። አንድ ልማድ ብቻ አለ፤ እንግዳው ሲወጣ በስቱዲዮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለች የእንጨት ሰሌዳ ላይ ስሙንና ዘመኑን ይጽፋል። ሰሌዳዎቹን በቀልድ «የመቃብር ድንጋይ» ይሏቸዋል። አዲስ የገባ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከእሱ በፊት ማን እንደነበረ ያነባል። አንዳንዴ ያበረታል፤ አንዳንዴ ያስደነግጣል።

ያስደነግጣል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ገጣሚው ኤድዊን አርሊንግተን ሮቢንሰን ከ1911 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በጋውን እዚያ አሳልፏል። ቶርንተን ዋይልደር «አወር ታውን» የተባለውን ቴአትሩን በከፊል የጻፈው እዚያ ነው። በቴአትሩ የምትታየው ትንሽ ከተማም የፒተርቦሮ መልክ አላት። ቴአትሩ በ1938 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ዊላ ካተር፣ ኤሮን ኮፕላንድ፣ ሊዮናርድ በርንስታይን ሁሉም ስማቸው ሰሌዳ ላይ አለ። ዱቦዝ ሄይዋርድ የሚባል የደቡብ ሰው በ1922 ዶሮቲ የምትባል የቴአትር ጸሐፊ እዚያ ተዋወቀ፤ ተጋቡ። «ፖርጊ» የተባለውን ልቦለዱን እሷ ወደ ቴአትር ለወጠችው። በ1935 ደግሞ ጆርጅ ገርሽዊን ኦፔራ አደረገው። በ1954 ጄምስ ቦልድዊን መጣ። ያኔ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ ባንድ ጠረጴዛ መብላት በሕግ የተከለከለ ነበር። ፒተርቦሮ ላይ ለቦልድዊንም ምሳው እንደማንኛውም ሰው በር ላይ ተቀመጠ፤ እራቱም ከሌላው ጋር ባንድ ገበታ ነበር።

ዛሬ ቦታው 32 ስቱዲዮዎች አሉት። በየዓመቱ 300 ያህል የጥበብ ሰዎችን ይቀበላል። ክፍያ አይጠይቅም፤ የሚለካውም በሥራ ጥራት እንጂ በኪስ አይደለም። እንደ እሱ ያሉ፣ በእሱም አርአያ የተከፈቱ ቤቶች በብዙ አገር አሉ። ሁሉም ግን እንዲህ ቸር አይደሉም፤ ለክፍሉም ለምግቡም የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ እንከን የለሽ ነው? አይደለም። አንደኛ፣ የካርኔጊ ገንዘብ ከየት እንደመጣ የምድጃ እሳት ፊት ቆመው ብረት ያቀለጡ ሠራተኞች ያውቃሉ። ጸጥታው የተገዛበት ብር ራሱ ጸጥ ካለ ቦታ አልመጣም። ሁለተኛ፣ በር ላይ ምሳ የሚያስቀምጠው ሰው ስሙ ሰሌዳው ላይ አይጻፍም። ሦስተኛ፣ ቦታው ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራው «የማክዳውል ኮሎኒ» ተብሎ ነው። ቃሉ ለእነሱ የጥበብ ሰዎች ሰፈር ማለት ነበር፤ ለእኛ ለአፍሪካውያን ግን ሌላ ትዝታ አለው። በ2020 የራሱ የቦታው ሠራተኞች ቃሉ ሰውን የሚያገል ነው ብለው ጠየቁ። ቦርዱም ተስማምቶ አነሣው። ዛሬ ስሙ «ማክዳውል» ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ ወደ ወዳጄ እናት ተመለስኩ። ቡናው ያው ነው፤ ሲኒውም ያው። የማሪያንን ታሪክ እንደተረት አድርጌ ነገርኳቸው። ባሏ ሞቶባት፣ በክራንች እየሄደች፣ ለማታውቀው ሠዓሊ ቀለብ አገር ላገር ዞራ የለመነች ሴት ነበረች አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣

«ተማሪ ነዋ» አሉ።

«የምን ተማሪ?»

«የቆሎ ተማሪ። እኛ ቤት ይመጣ የለም? እናቴ ቁራሽ ትሰጠኝና በር ድረስ እወስድለት ነበር።»

እኔ ያን ያህል መጽሐፍ ሳገላብጥ መልሱ እሳቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ ኖሯል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየተከላከለ።

እስቲ አስቡት። የቅኔ ተማሪ አገሩን ጥሎ፣ ስሙ ወደተጠራ መምህር ይሄዳል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ። በመምህሩ ጉባዔ ዙሪያ ከጭራሮና ከሣር ጎጆውን ይቀልሳል። ደበሎውን ለብሶ ቁራሹን ለምኖ ይመጣል። ከዚያ ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከጢሻ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል። ያን ሰዓት ማንም አያናግረውም። ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ይቃናለታል፣ ወይ ይፈርስበታል፤ ነገ ደግሞ እንደ አዲስ። መጀመሪያ ሁለት ስንኝ ያላት ጉባዔ ቃና፣ ከዓመታት በኋላ መወድስ። ቀን ብቻን መሆን፣ ማታ መሰብሰብ፤ ቀለብ ደግሞ ከማያውቁት ሰው። ማክዳውል ከመወለዱ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ይህ ሥርዓት እኛ ዘንድ ነበረ። ሐዲስ ዓለማየሁ እንዲህ ባለው ትምህርት በደብረ ኤልያስና በዲማ አልፈው ነው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰጡን። ያቺ ገበሬ እናት የጣለችው ቁራሽ እንጀራ ስንት ዓመት ቆይቶ የት እንደሚበቅል በምን ታውቃለች?

በመሠረቱ ልጁን «ምን ልታደርግልን ነው?» ብላ አልጠየቀችውም። ቅኔው ግዕዝ ነው፤ ብትሰማውም አይገባት ይሆናል። ሰጥታ በሩን ዘጋች፤ በቃ።

ልዩነቱን መካድ አልፈልግም። የቅኔ ቤት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪው መምህር ወይም ደብተራ ይሆን ዘንድ ነው የሚቀለበው። ኑሮውም ተረት እንደሚያሳምረው አልነበረም፤ ረኃብ አለ፣ ቅማል አለ፣ ተስቦ አለ። በየጎጆው ወድቀው የቀሩ ልጆች ስንት እንደሆኑ የቆጠረ የለም። ሴት ልጅም በአብዛኛው ቁራሽ አቀባይ እንጂ ቅኔ ቆጣሪ አልነበረችም። ዓይነ ሥውሯ የጎጃም የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እንደ ብርቅ የሚጠራውም ለዚህ ነው። በሌላ አነጋገር የኛም ጸጥታ እንደ ፒተርቦሮው ሁሉ ባለዕዳ ነበር። አንዱ ብቻውን እንዲያስብ ሌላዋ እንጀራ ትጋግራለች።

ያም ሆኖ ከሁለቱ ታሪክ አንድ ነገር ይወጣል። ጥበብን ከበርቴ ያስጀምራት ይሆናል፤ የሚያኖራት ግን የብዙ ሰው ቁራሽ ነው። እኛ ያጣነው ከበርቴውን አይደለም፤ እሱማ እንዲያውም በዝቷል። ያጣነው ቁራሹን ነው። ዛሬ ያ ተማሪ ሥዕል ሠሪ ሆኖ፣ ወይም ልቦለድ ጸሐፊ ሆኖ ደጃፋችን ቢቆም ዘበኛው ነው የሚያናግረው። መጽሐፉ ሲወጣ ለምረቃው እንሄዳለን፤ ሥዕሉ ሲሰቀል ፎቶ እንነሣለን፤ ሲሞት ደግሞ አቤት ሐዘናችን! በሠራበት ጊዜ ግን የት እንደሠራ፣ ምን እንደበላ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ፍሬውን እንወዳለን፤ ለአፈሩ አንከፍልም።

ሞክረው ያሳዩን የሉም አልልም። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በፈረንጆቹ 2002 ዞማን ጀምረው፣ ከአዲስ አበባ ሌላ ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በምትባል የገጠር መንደርም የጥበብ ሰዎች ተቀምጠው የሚሠሩበትን ቤት አስበዋል፤ አቁመዋልም። በፈረንጆቹ 2019 አዲስ አበባ መካኒሳ የተከፈተው ሙዚየማቸው በጭቃና በጭድ በአገር ግንበኞች እጅ የታነጸ ነው። ይህ የሁለት ሰዎች ልፋት ነው። የማሪያን ዓይነት ልፋት። ጥያቄዬ በየከተማው ሳንቲም የሚያዋጡት ክበቦች የት አሉ የሚል ነው። ዕድራችን አለ፤ ዕቁባችን አለ፤ ማኅበራችን አለ። ዘመዱ ገጠር ባዶ ቤት ያለው ሰው ሞልቷል። አንድ ዕድር በዓመት አንድ ወጣት ደራሲ ለአንድ ወር ቢቀልብ ዕድሩ ይፈርሳል? ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክል ማኅበር በሕይወት ላለ ሰው አንዲት ጎጆ መትከል የሚያቅተው አይመስለኝም።

ማንን ልገሥጽ ብዬ ስዘጋጅ ግን አንድ ነገር ጎኔን ነካኝ። ቅድም «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ነገር ነው።

ይህን ዓምድ ለዓመታት ስጽፍ በየሳምንቱ አንድ ቀን እቤቴ ጸጥ ይላል። ልጆቹ ሲንጫጩ ባለቤቴ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ እየጻፈ ነው» ትላለች። ስልክ ይነሣል፤ እንግዳ ይመለሳል፤ ሻይ ሳልጠይቅ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል፣ ያውም ኮቴ ሳይሰማ። እኔ ደግሞ ይህን የተፈጥሮ ሕግ አድርጌ ይዤው ነበር። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ግጥም ትጽፍ ነበር፤ ከኔ የተሻለ ትጽፍ ነበር። መቼ እንዳቆመች አላስታውስም። ይህ ነው የሚያሳፍረው፤ ማቆሟ ሳይሆን አለማስታወሴ። የማሪያን ፒያኖ በጋብቻ ተዘጋ ብዬ ለአንባቢ ስተርክ፣ እቤቴ የተዘጋውን ሳላየው ሃያ ዓመት አልፏል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ጧት ወጣሁ። ቤቱን ሙሉ ቀን ለቀቅንላት። ምሳውን እኔ ሠራሁ፤ ሽሮ ነው፣ ትንሽ አሯል። በሰሃን ከድኜ ከክፍሉ በር ላይ አስቀመጥኩት፤ አላንኳኳሁም።

ማታ ስንመለስ ሽሮው በርዷል፤ አልተነካም። በሩ ገርበብ ብሎ መብራት ይታያል። ተኝታ ይሁን፣ ጽፋ ይሁን፣ እንዲሁ ተቀምጣ ውላ ይሁን አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ምን ሠራሽ ተብሎ አይጠየቅም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሰሃኑን አንሥቼ ላሞቀው ወደ ማድ ቤት ሄድኩ።